ንፋስ የፈራሁላቸው አሳማዎች

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው አገር ስለ አሳማ የሚያውቅ ሰው አምጡ ብትባሉ እኔን ነው የምታመጡ። ሁለተኛ ሰው የለም። ማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እሱን አልክድም። ግን አንደኛ አንደኛ ነው። ብቻውን ሮጦ ያሸነፈም ሰው ዋንጫውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባ።

ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን። ሳንጣላ። እኔ አልፈለግሁትም፣ እሱም አልፈለገኝም። ከዚያ ወዲህ ደሴ፣ ሰፈሬ ሆጤ አካባቢ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ዳቦ ቤት ገባሁ፣ መኪና አጠብኩ፣ ብሎኬት ሠራሁ፣ የሚኒባስ ረዳት ሆንኩ። ከአራቱም ተባረርኩ። በስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ወላሂ ሥራ አልጠላም። በወሬ ነው። ዳቦ ቤት ሳወራ ዳቦው አረረ። ሚኒባስ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ ሳስቅ ሁለት ሰው መውረጃቸው አለፋቸው፤ አንደኛው ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው ነበር፣ እየሳቀ አለፈ። ጨርቅ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ "አንተ ያልተባረርክበት ቤት የእናታችን ቤት ብቻ ነው" ይለኛል። እሱም ለጊዜው ነው ይላል።

አምና በሚያዝያ፣ ኮምቦልቻ ዳር ያለ የቻይናዎች ካምፕ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ወረድኩ። መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ሥራው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ቢጤ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

"ሆድህ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው ጋሼ። ምነው?"

"ከትናንት ጀምሮ አምስት ሰው ገብቶ አምስቱም እያቅለሸለሸው ወጣ። ለማወቅ ያህል ነው። ግባ።"

ገባሁ። አሥራ ሁለት አሳማ።

እኔ የእስላም ልጅ ነኝ። አሳማ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስሙንም ሰው ለመስደብ ካልሆነ ሰፈራችን ውስጥ የሚጠራው የለም። እነሱ ግን የሰፈሬን ልማድ ከየት ያውቃሉ፤ አሥራ ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ከዚያ የወንድሜ ፊት ታየኝ፣ ሲስቅ። ቀረሁ።

አለቃዬ የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ ሰው። የሚያውቀው አማርኛ ሃያ ቃል ቢሞላ ነው፣ ግን በሃያው እኔ በሺ ቃል የማልጨርሰውን ይጨርሳል። መሬት ላይ የተቀመጠ የብረት ሚዛን አሳየኝ፤ ሰማንያ ኪሎ ላይ በቀይ ቀለም ተሠምሮበታል። ከዚያ ወደ ሰማይ ጠቆመ።

"መስከረም። ጨረቃ ትልቅ። የኛ በዓል።" እጁን ከአንዱ ግልገል አሳማ በላይ ከፍ አደረገ። "አሳማ ትልቅ፣ አንተ አለ።" ቀጥሎ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። "አሳማ ትንሽ፣ አንተ የለም።"

እንዲህ ያለ ግልጽ የሥራ ውል ገጥሞኝ አያውቅም።

እናቴን መዋሸት አልችልበትም፤ በመጀመሪያው ጁምዓ ደሴ ወጥቼ ነገርኳት።

"እማ፣ ሥራ አገኘሁ።"

"አልሐምዱሊላህ። ምን ሥራ?"

"እንስሳት ማደለብ።"

"በሬ ነው?"

"ከበሬ ዝቅ ይላል።"

"በግ?"

"ከበግ ከፍ ይላል።"

"የሚበላ ነው?"

"ለባለቤቶቹ ይበላል።"

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወጣች። የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ነው የሄደች። ስትመለስ ቁጭ እንኳ አላለችም። "ሌላ እስኪያገኝ ነው ብለዋል። ሌላ ያገኘህ ቀን የዚያኑ ቀን ትለቃለህ። የሥራ ልብስህ እዚያው ይቅር። በነካህ ቁጥር ሰባት ጊዜ ትታጠባለህ፣ አንዱን በአፈር።" ቀና ብላ አየችኝ። "ቆጥረህ።"

ሰባተኛ ክፍል ባልደርስም ሰባት መቁጠር አያቅተኝም አልኳት። አልሳቀችም። የሳቀችው በሳምንቱ ነው፣ ያውም ለጎረቤት ስታወራው።

አሁን ስለ በረቱ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። በረቱ በካምፑ ጫፍ ነው ያለ። ከአጥሩ ውጭ የገበሬዎች መንገድ ያልፋል፤ ወደ እርሻ የሚሄድ በዚያ ነው፣ ወደ መስጊድ የሚሄድም በዚያ ነው። ካምፑ ሲሠራ የሰፈሩ ሰዎች መጥተው "አርቡ፣ አንከለክላችሁም፣ ግን አታሳዩን" ብለዋል። ቻይናዎቹም እሺ ብለው በረቱን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቆርቆሮ በአራት ማዕዘን ዘጉት። ከላይም ቆርቆሮ ነው። ከሥር ብቻ፣ የእጥበት ውሃ እንዲወጣ፣ አንድ መዳፍ የምታህል ክፍተት ዙሪያውን ቀርታለች።

እሷን ደግሞ እኔ ዘጋኋት።

የደሴ ሰው ነኝ'ኮ። እኛ አገር ንፋስ ማለት ሌባ ማለት ነው፤ የገባበትን ቤት ባዶ ያደርጋል። ሰው ጥርሱን ቢያመው ንፋስ ነው። ወገቡን ቢይዘው ንፋስ ነው። ፊቱ ቢጣመም ማታ መስኮት ከፍቶ ተኝቶ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ቀዳዳ ካየ እጁ አያርፍም፤ እኔም የመጀመሪያው ሳምንት አሥር ጆንያ ለቅሜ ክፍተቷን ዙሪያውን ጠቀጠቅኳት። ልጆች ናቸው፣ ንፋስ ይመታቸዋል ብዬ። ከልቤ አዝኜላቸው ነው። አለቃዬ ጆንያውን አየና የውሃ መከላከያ መሰለው መሰለኝ፣ ምንም አላለም።

ትንንሽ ሳሉ ችግር አልነበረም። ፉርሽካውን ከወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ጋር ደባልቄ ስሰጣቸው ገንዳውን ነው ሊበሉት የሚደርሱ። ነገሩ የተበላሸው ግንቦት ላይ ነው። እነሱም ገዘፉ፣ ሙቀቱም ገዘፈ። ገንዳው ላይ ምግብ መትረፍ ጀመረ። ድሮ ተደራርበው ይተኙ የነበሩት አሁን አንዱ እዚህ ጥግ፣ ሌላው እዚያ ጥግ፣ እግራቸውን ዘርግተው። ዘበኛው መጥቶ አየልኝ።

"ተኳርፈዋል" አልኩት።

"በምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

ወላሂ የምሬን ነበር። ሁለቱን ገፍቼ ጎን ለጎን ላስተኛቸው ሞከርኩ። አንደኛው ተነስቶ ሄዶ ፍጉ ላይ ተኛ። ንጹሕ ሲሚንቶ እያለለት ፍግ ላይ። አሳማ ቆሻሻ ይወዳል የሚባለው ያን ጊዜ እውነት መሰለኝ፤ አሁን ግን እንዲህ የሚል ሰው ካገኛችሁ ወደኔ ላኩት። ጠዋት ብርድ ሲል ፍጉ አጠገብ ድርሽ አይልም። ቀን ላይ ሄዶ የሚተኛበት እርጥብ ስለሆነ ነው፤ በረቱ ውስጥ ሌላ እርጥብ ቦታ የለማ።

ጀርባውን ነካሁት። እንደ ቆርቆሮው ነው የሚፈጅ። ደግሞ ደረቅ። እኔ ሸሚዜ እስኪጨመቅ ላብ እያሰመጠኝ፣ እሱ አንዲት ጠብታ የለውም። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ከኮምቦልቻ ደሴ በእግሩ የወጣ ይመስል። ያኔ ገባኝ፣ ይሄ ፍጡር ላብ የሚባል ነገር አልተሰጠውም። የውስጡን እሳት የሚያወጣበት አፉ ብቻ ነው። እሳት እያወጣ እንዴት ምግብ ያስገባ?

ይሄን ካወቅሁ በኋላ መድኃኒቱን ያገኘሁት በእናቴ ትእዛዝ ነው። ቧንቧው ከበረቱ ጥግ ነው ያለ። በነካኋቸው ቁጥር ወጥቼ ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምነካቸው አስቡት። ውሃው ከነጭቃው በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይፈስሳል። አንድ ቀን ሳይ ትልልቆቹ ሦስቱ ለዚያች ጥግ ይጋፋሉ። ጭቃዋ ላይ ተንከባለሉ፣ ተነሱ፣ ከዚያ ምን አደረጉ፣ በሉ። የኔ እጥበት ለኔ መስሎኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀትር ላይ በውሃ ጎማ አጠጣቸው ጀመር፣ ጀርባቸውን። ምግቡንም በቀትር መስጠቴን ትቼ ማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አደረግሁት። ሰኔ ላይ ሚዛኑ በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር። አለቃዬ ሚዛኑን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱ ራሱን ሲነቀንቅ ሌላ ሰው ሆይ ሆይ እንዳለ ቁጠሩት። እኔ ደግሞ ሆጤ ወጥቼ ያልነገርኩት ሰው የለም። የአንድ የውጭ ድርጅት የእንስሳት ኃላፊ ሆኛለሁ አልኩ። የምን እንስሳት ብሎ የጠየቀኝ ሰው ካለ ወሬ ቀየርኩ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ።

ደሴ ሐምሌ ማለት ጭጋግና ሹራብ ነው። ኮምቦልቻ ግን ሌላ ነው። ይዘንባል፣ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ከዚያ መሬቱ ልክ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ይተናል። ሰኞ ያሰጣሁት ሱሪ ሐሙስ ይጨመቃል። ያን ጊዜ አሳማዎቹ እንደገና ምግብ እምቢ አሉ። ጎማውን ጨመርኩ። እርጥብ ናቸው፣ ይንጠባጠባሉ፣ ግን ያለከልካሉ። ደግሞ ጨመርኩ። በረቱ ሐይቅ ሆነ። ሁለቱ ማሳል ጀመሩ። ቅዳሜ ስንመዝን ሚዛኑ ባለፈው ሳምንት ቦታው ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱ ቀንሰው ተገኙ።

አለቃዬ ሚዛኑን አየ። እኔን አየ። "አሳማ ትንሽ" አለ። ቀሪውን አልጨረሰውም፤ ቀሪውን እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የቢሾፍቱ ሰው ቁጥር አሳየኝ፣ አሳማ የሚያረባ፣ የተማረ። ሁለት ጣቱን አነሳ። "ሁለት ሳምንት። ሚዛን አይወጣም፣ እሱ ይመጣል።"

አምስተኛዬ ሊሆን ነው ማለት ነው። ከሰው ሥራ መባረር አንድ ነገር ነው፤ ከአሳማ ተባርሬ ወንድሜ ፊት ልቆም ነው።

እሁድን ደሴ ዋልኩ፣ ለማንም ሳልነግር። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወረድኩ። ዝናቡ ለጉድ ነው። መኪናው ጋ ሳልደርስ ስለመታኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መኪናው ጢም ብሏል፣ ሁሉም እርጥብ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም። መስተዋቱ በትንፋሽ ነጥቷል። ከአንድ ጣት የማትበልጥ ከፈት አደረግሁ።

"ዝጋው" አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

"ትንሽ አየር ብትገባ ብዬ ነው።"

"አየሩን ስትወርድ ትስበዋለህ። ጆሮዬን መታኝ'ኮ።"

"ጋሼ፣ መስኮቱ ያለው እዚህ፣ ጆሮዎ ያለው እዚያ።"

"ታድያ ንፋስ መንገድ ጠይቆ ነው የሚሄድ?"

መኪናው ሳቀ። በሳቅ የሚበልጠኝ ሰው ሲመጣ ደስ አይለኝም፤ ልመልስለት ስል ከፊቴ ያለች ሴት ዞረች። "ወንድሜ፣ በአላህ፣ ሕፃን ይዣለሁ።" ዘጋሁት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። ላቤ ይወርዳል፣ ግን አይደርቅም፤ ዝም ብሎ ላዬ ላይ ይቀመጣል። በዝናብም በላብም እርጥብ ነኝ፣ ግን እየነደድኩ ነው። ይሄን ሳስብ አጠገቤ ያለውን ሰው አየሁት። ወፍራም ሰው ነው። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። እጁ ላይ ዳቦ ይዟል፣ ከደሴ ስንነሳ የገዛውን፤ አንዴም አልገመጠውም። አየሁት፣ አየሁት፣ አላህ ይቅር ይበለኝና በረቱ ታየኝ። ሰውየውን መናቄ አይደለም። እኔም እኮ እዚያው ነኝ፣ ጎኑ።

መንገድ ላይ አንድ ሰው ሊወርድ ረዳቱ በሩን ከፈተ። ንፋሱ ገባ። እርጥቡ ሸሚዜ በአንድ ጊዜ በረዶ ሆነ፣ ያ የሚያቃጥለኝ ሸሚዝ። ያ ጆሮዬን ያለው ሰውዬ ሁሉንም ቀድሞ "እፎይ" አለ። ወፍራሙ ሰው ደግሞ ዳቦውን ገመጠ።

ውሃ ብቻውን ምንም አያደርግም። ውሃውን ከጀርባው ላይ የሚወስድለት ንፋስ ያስፈልጋል። ሰኔ ላይ አየሩ ራሱ ደረቅ ስለነበር ውሃውን ይጠጣው ነበር፤ ሐምሌ ላይ አየሩም ጠግቧል። እኔ ደግሞ አሥር ጆንያ ጠቅጥቄ የተረፈችውን እስትንፋስ ዘግቻለሁ። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ንፋስ ፈርቶ ራሱን ነው የቀቀለ፤ እኔ ግን አሥራ ሁለት ነፍስ ነው የቀቀልኩ።

ስደርስ ልብስ ሳልቀይር ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አሥራ ሁለቱም ተነስተው መጡና አፍንጫቸውን በክፍተቷ ላይ ደረደሩ። ያንን ስታይ ታፍራለህ። እኔ ማፈር ልማዴ አይደለም፣ ግን አፈርኩ።

መዳፍ የምታህል ክፍተት ግን አትበቃም። አለቃዬን ጠርቼ ቆርቆሮውን በእጄ አሳየሁት፣ እናንሳው ብዬ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

"ቆርቆሮ አይነካም። ሰፈር ሰው አለ። እኔ ቃል።"

"ሰፈር ሰው እሺ ቢልስ?"

ትንሽ አሰበ። "ሰፈር ሰው እሺ፣ እኔ እሺ።"

ቆርቆሮው እንዲቆም ያደረጉት ሰው ማሳቸው ከካምፑ ጋር ይዋሰናል። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፣ ሰፈሩ የሚሰማቸው። ሁሉም አያ ይላቸዋል፣ እኔም አያ እላለሁ። ስሄድ ደጃቸው ላይ ዛፍ ሥር የሚያደልቡት በሬ አጠገብ ቆመዋል። ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ምነው እዚያ ተተከልህ?"

"ከሥራ ነው የመጣሁ።"

"ታጥበሃል?"

"ሰባት።"

"በአፈርስ?"

"አንዱን።"

"እንግዲያ ቅረብ። ያንተን ያህል የሚታጠብ ሰው እዚህ ሰፈር የለም።"

ቀርቤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሙቀቱን፣ ሚዛኑን፣ የቢሾፍቱውን ሰው። ሚኒባሱንም። ሲሰሙኝ በሬውን ያሻሉ።

"እሱን ቆርቆሮ ያስቆምኩ እኔ ነኝ" አሉ።

"አውቃለሁ፣ አያ።"

"ታድያ ከሰው ሁሉ መርጠህ እኔ ዘንድ?"

"ሌላ ሰው ዘንድ ብሄድ ወደርስዎ ነው የሚልኩኝ። መንገድ ላሳጥር ብዬ ነው።"

ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ሳቃቸው ድምፅ የለውም። "ካልወፈሩ ምን ይመጣል?"

"እኔ እባረራለሁ።"

"እነሱስ?"

"እነሱ ያው ይታረዳሉ።"

"እንግዲያ የምታሳዝነው አንተ ነህ።" ቀጥለው ኮስተር አሉ። "ለምን ሌላ ሥራ አትፈልግም፣ አንተ ልጅ? ጉልበት አለህ።"

እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። "እየፈለግሁ ነው፣ አያ። ግን እስከ ዛሬ ከገባሁበት ሁሉ ተገፍቼ ነው የወጣሁ። ከአንዱ እንኳ በራሴ እግር ልውጣ።"

በሬውን አዩት። "ይሄም በዚህ ወር ቤት ውስጥ አይበላም" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "ውጭ ሳስረው ነው አፉ የሚፈታ። በሬ ግን ቢታይ ነውር የለውም።" ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከአምና የተረፈ የማሽላ አገዳ ክምር አለ። አንድ እቅፍ አንስተው በኔና በሳቸው መሃል አቆሙት።

"ታየኛለህ?"

"አይታዩኝም፣ አያ።"

እፍ አሉ። ትንፋሻቸው ፊቴ ላይ መጣ።

"በመስጊዱ መንገድ በኩል ያለው ቆርቆሮ አይነካም። በቦርከና ወንዝ በኩልና በኔ ማሳ በኩል ይነሳ፤ በአገዳ ትዘጋዋለህ። ጥቅጥቅ አድርገህ።"

የሐሳቡ ባለቤት ማነው ብትሉኝ፣ ግማሹ የኔ ነው። ግማሹ ደግሞ የሳቸው ነው፣ ግን ሄጄ ባልጠይቃቸው አይመጣላቸውም ነበርና ከዚያም ላይ ትንሽ ይገባኛል።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ሦስተኛው ቀን መጥተው አስተሳሰሬን አዩና አንዱን ቋጠሮ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ተፈታ። "ይሄ የጨርቅ ነጋዴ አስተሳሰር ነው" አሉኝ፣ የወንድሜን ሥራ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ተቀምጠው አሳዩኝ። ከዚያ መንገዱ ላይ ወጥተው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ አንገታቸውን አጠፍ አድርገው እንደ አላፊ አግዳሚ አዩ።

"እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ።"

ደፈንኩ።

"እዚህም።"

ደፈንኩ።

"እንግዲህ በቃ። ድምፃቸውን ምን ታደርገዋለህ፣ እሱ የአላህ ነው።"

ከቦርከና በኩል የሚመጣው ንፋስ በአገዳው መሃል ሹልክ እያለ ገባ። ውሃውን እንደ ድሮው በትንሹ ረጨሁ፣ ሐይቅ ሳላደርግ። ቀትር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጀርባቸው እርጥብ ነበር፣ ከዚያ ደረቀ፣ እንደገና ረጨሁ፣ እንደገና ደረቀ። አፋቸው ተዘጋ። አንዱ ተነስቶ ገንዳው ጋ ሄደ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ዘበኛውን ጠራሁት፣ ሮጬ። ምን ሆንክ ብሎ መጣ።

"እያቸው፣ ሲበሉ።"

"ይሄን ልታሳየኝ ነው ሻዬን ያስጣልኸኝ?"

"አዎ።"

ቆሞ አየ። "በላተኞች ናቸው" አለ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ አየ።

ከሁለት ሳምንቱ በኋላ ሚዛኑ ወጣ፣ የአሥራ ሁለቱም። ለቢሾፍቱው ሰው የተደወለ ስልክ የለም። ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ገባ፣ ጨረቃዋ መሙላት ጀመረች። እኔ ማታ ማታ እሷን እያየሁ ቀስ በይ እላታለሁ።

የመጨረሻው ሚዛን ቀን አለቃዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አንድ በአንድ አወጣናቸው። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ አንድ። አንዱ ዘጠናን ሲያልፍ እኔ ራሴ የወለድኩት ያህል ደረቴ ተነፋ። አሥራ አንዱ አለፉ። የቀረው በሐምሌ ሲያስል የነበረው ነው። ወጣ። መርፌዋ ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከቀዩ መሥመር አንዲት ፀጉር ሲቀራት ቆመች። ሰባ ዘጠኝ።

አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየ። እኔ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበትን ቀን ቁጠሩት ብትሉኝ ያን ቀን ነው። አሳማውም ዝም አለ። አለቃዬ ቀና አለ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የቀኝ እግሩን ጫማ የሚዛኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

"ሰማንያ" አለ።

ጻፈው። እኔ እንደሳቅሁ በረቱን ዞርኩት። ያን ቀን ነው አለቃዬም ስቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ያየሁት፤ አንዱ ወርቅ ነው፣ አምስት ወር ሙሉ ደብቆኝ።

ከበዓሉ በኋላ በረቱ ባዶ ሆነ። እኔም ጸጥታው ከበደኝ፣ አልደብቃችሁም። በሳምንቱ አለቃዬ ጠራኝ። በወንዙ በኩል ካለው ባዶ ሜዳ ላይ ችካልና ገመድ ይዞ ቆሟል። ሌሎች ሃያ አራት ይመጣሉ፣ አዲስ በረት ሊሠራ ነው። ችካሉን አንድ ቦታ ተከለ፣ ወደኋላ ሄዶ አየው፣ ነቀለው። ሌላ ቦታ ተከለ። ከዚያ ችካሉን አንስቶ እጄ ላይ አደረገው።

"በር የት?" አለኝ።

እኔን ነው የጠየቀ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሰው ዝም በል ሲለኝ እንጂ የት ይሁን ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። ጣቴን በምራቄ አርሼ ወደ ላይ አነሳሁ፣ በጣም አስፈላጊ ባይሆንም ሰው ሲያይ ያምራል። በቦርከና በኩል ቀዘቀዘኝ። ሰፋፊ እርምጃ ወደዚያ ሄድኩ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ችካሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አለቃዬ መዶሻውን ይዞ ተከተለኝ።

"እዚህ" አልኩት። "የመስጊዱን መንገድ ጀርባ ሰጥቶ፣ ንፋሱን ፊት ለፊት። አገዳውን ደግሞ አያን እኔ እጠይቃቸዋለሁ።"

መታው።